ከእንግዳው የተደበቀ መርዶ

ካሳው ከጀርመን የመጣው ሐሙስ ነው። ሰኞ ቴል አቪቭ በሚደረግ የኮምፒዩተር ጉባኤ ላይ እንዲናገር ተጋብዟል። የጎንደር ልጅ ለፈረንጅ ምሁር ስለ ማሽን ሊያስረዳ ነው፤ ፔታ ቲክቫ ከተማ ውስጥ ይህን ያልሰማ የለም። ሆቴል ተይዞለት ሳለ እምቢ ብሎ ራማት ቬርበር ሰፈር፣ አብሮ አደጉ ታረቀ ቤት አረፈ።

ታረቀ ግን እንቅልፍ አጥቷል። እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ከአገር ቤት የመጣ አንድ አዲስ ገቢ ሹክ ብሎት ነበር። የካሳው እናት፣ እማማ ሙሉእመቤት፣ አገር ቤት ሞተዋል።

እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይም አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ዘመድ ከቦ፣ በማለዳ ነው። ታረቀ ሮጦ የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ዳኛው ዘንድ ሄደ።

አባ ዳኛው ትኩር ብለው አዩት፤ ብዙ አዩት። «መልካም» አሉ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ንግግሩን ይጨርስ። ማክሰኞ ማለዳ እኔ ቤት አብራችሁ ኑ።»

«ራሱን ቢፈጠፍጥስ፣ አባ?»

«አጥብቆ የሚወደው ሰው ከኋላው ይቆማል። ቀበቶውን ይይዘዋል።»

እስከ ማክሰኞ ድረስ ግን ማን አፉን ይይዛል? ሰፈሩ በጎንደር ሰው ተሞልቷል። አንዱ መንገድ ላይ «እግዜር ያጥናህ» ቢለው አበቃ፤ ንግግሩም ይቀራል፣ ሰውየውም አስፋልት ላይ ይወድቃል። ታረቀ ከሚሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ጠየቀ።

«ያላ፣ አገሩን ላሳይህ» አለው ዓርብ ጠዋት። «ኢየሩሳሌም እንሂድ።»

«የትም ውሰደኝ» አለ ካሳው። «ብቻ ሰፈር አንዋል።»

ታረቀ በዕድሉ ተገረመ።

አውቶቡስ ላይ ጨዋታ ለመፍጠር የካሳውን የተላጨ ራስ መታ አደረገው። «ይሄ ደግሞ ምንድነው? ኮምፒዩተሩ ነው የላጨህ?»

«ሙቀታችሁን ፈርቼ ነው።»

«ገና ሳትመጣ?»

ካሳው ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

የጸሎቱ ግንብ ጋ ደርሰው ታረቀ ግንባሩን ድንጋዩ ላይ አስደግፎ ቆየ። ሲመለስ ካሳው «ምን ለመንክ?» አለው።

«ምን እለምናለሁ? ፋንትነሽን ነዋ።» የታረቀ ሚስት ቤተ እስራኤልን የሚያመጣው አውሮፕላን ሲቆም ሱዳን ቀርታለች፤ መንገዱ ሲከፈት ትመጣለች። ካሳው ፊቱን አዞረ። ታረቀ ደነገጠ። የቤተሰብ ወሬ ተነሳ ማለት ቀጥሎ እናቱን ሊጠይቅ ነው። ክንዱን ይዞ ወደ አውቶቡሱ ጎተተው።

ቅዳሜ ታረቀ በሩን ዘግቶ ዋለ። ሰላምታ ሊሰጥ የመጣውን ሁሉ «እንግዳው ደክሞታል» እያለ መለሰ። ጎረቤቱ እቴ አምሳለች ግን በሩ ሲከፈትላቸው እንባቸው ወረደ። ታረቀ ወደ ደረጃው ገፋ አደረጋቸው።

«እቴ፣ ምነው? ሰውየው እኮ ውስጥ ነው። ሊያይዎት ነው።»

«ይቅር በለኝ፣ የኔ ልጅ። አልቻልኩም» ብለው እጁን ስመው ወረዱ።

እሑድ ሹክ፣ ወደ ገበያው፣ ወጡ። ታረቀ አንድ ቀይ የሴት ጫማ አንስቶ ተረከዙን በጣቱ ለካ። «የፋንትነሽ እግር ትንሽ ነው፤ ይሄ ልክ ይመጣላታል።»

«አሁን ተወው» አለ ካሳው።

«ለምን?»

«ወደ ባሕሩ እንሂድ አላልክም? ሸክም ይሆንብናል።»

«ጫማ ሸክም ነው? ጀርመን አሰነፈህ» አለ ታረቀ፤ ግን ከእንግዳ ጋር መከራከር ነውር ነውና መለሰው።

ያፎ ወደቡ ላይ ቁጭ ብለው የልጅነት ወሬ አወሩ። ስለ ወንዙ፣ ስለ መምህራቸው አለንጋ፣ ስለ ሰረቁት በቆሎ። እስካሁን ካሳው ስለ እናቱ አንድ ቃል አልጠየቀም። የፈረንጅ አገር ሰውን እንዲህ ያደርቃል እንዴ፣ ብሎ ታረቀ ታዘበው። ደግሞም ፈጣሪን አመሰገነ።

ሰኞ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ካሳው የአማርኛ ፊደል ኮምፒዩተር ላይ እንዴት እንደሚጻፍ በእንግሊዝኛ ያስረዳል። ታረቀ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አንድም ቃል ሳይገባው ደረቱን ነፋ። መሃል ላይ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የካሳው ድምፅ ተቆረጠ። ብርጭቆውን አንስቶ ውሃ ጠጣ።

አለቀልኝ፣ ነገሩት፣ አለ ታረቀ በልቡ።

ንግግሩ እንደ ምንም ተፈጸመ፤ ተጨበጨበ። በር ላይ ታረቀ «ምን ነካህ?» አለው።

«አንተን ሳይህ ጠፋብኝ።»

«እኔ ምን አደረግኩህ?»

«ምንም። ምንም አላደረግክም።»

ማክሰኞ ገና ጎህ ሲቀድ ወጡ። «አባ ዳኛው ሊመርቁህ ይፈልጋሉ» ብሎታል ታረቀ። ካሳው ለምን በዚህ ሰዓት ብሎ አልጠየቀም። ደረጃው ላይ ታረቀ የካሳውን ክንድ ያዘ። ቆመ።

«ካሳው፣ ምንም ቢመጣ እኔ አለሁ። እሺ?»

«በሰደር፣ እሺ» አለ ካሳው። «እኔም አለሁ።»

በሩ ተከፈተ።

«ግባ፣ እንግዳ ነህ» አለ ታረቀ፤ ከኋላው መሆን ፈልጓል።

«አንተ ቅደም። ሰፈሩ ያንተ ነው።»

ተገፋፉ። ታረቀ ተሸንፎ ገባ። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። እቴ አምሳለች ጥግ ላይ ናቸው፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። አባ ዳኛው ተነሡ፤ የሁሉም ዓይን ታረቀ ላይ ነው። ታረቀ አሁን ዞር ብሎ ከካሳው ጀርባ ሊቆም አሰበ።

የታረቀን ቀበቶ ከኋላው የካሳው እጅ አጥብቆ ያዘው።