ለስም የተተወ ዝምታ

«የቴሌቪዥን አልቃሽ» ያለኝ ዳኛው የሚባል ሰው ነው። በ2011 ዓ.ም.፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ የሀዘን ማስታወቂያ በማነብበት በአንገረብ ቴሌቪዥን በር ላይ፣ ሰው እየሰማ። መጀመሪያ የሳቀው የበሩ ጥበቃ ሙሉሰው ነው፤ እሱንም አልረሳሁም።

ዛሬ ዳኛው ከመስታወቱ ወዲያ ቆሟል። እኔ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጫለሁ። ግድግዳው ሁሉ ስፖንጅ ለብሷል። በሩ ከተዘጋ የውጭው ዓለም የለም፤ የምሰማው የራሴን ትንፋሽ ነው።

«አያ ሰጠኝ፣ እንቀጥል?» ይለኛል በጆሮ ማዳመጫው።

ያኔ በሰው ፊት «አንተ» ነበርኩ። ዛሬ አለቃ ሲሆን «አያ» አለኝ። ስድቡን ማር ቀባው እንጂ አልተወውም።

አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት የእኛን ጣቢያ ከደሴውና ከጅማው ጋር ጠቅልሎ ገዝቶታል። ከሰኞ ጀምሮ የጎንደሩ ስቱዲዮ ይዘጋል፤ የሚታየው ሁሉ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ዳኛው የእነሱ ሰው ሆኖ፣ ማራኪ ግቢ የተማረው ዲግሪው ላይ ከረባት ጨምሮ መጥቷል። ለእኔ የቀረችው ሥራ ይቺ ናት፦ ወደፊት ለሚሞተው ሰው ሁሉ የሀዘን ማስታወቂያውን ዛሬውኑ አንብቤ መቅዳት። ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ዝም እላለሁ። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ በስልክ ይልካል፣ ኮምፒውተሩ ስሙን ይሰካበታል።

ካነበብኩ የማሰራጫው ምሰሶ ጥበቃ አድርገው ያስቀሩኛል። ካላነበብኩ በሩ ያውና። ፀዳ ላይ የተከራየሁት ቤት አለ፤ ልጆች አሉ። ባለቤቴ የትነበርሽ ጠዋት «እልህህን ዋጥና አንብብ፤ እልህ እንጀራ አይሆንም» ብላ ነው የሸኘችኝ።

እልህ ብቻ አይደለም። እንጃ፣ እልህም ይኖርበታል። ግን ፎቶ ይዞ የመጣውን ሁሉ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ «መርዶው ተነግሯል?» በእኛ አገር መርዶ ሽማግሌ ይዞ በማለዳ ሄዶ ይነገራል። እናት የልጇን ሞት ከቴሌቪዥን አትሰማም። ካልተነገረ አላነብም፤ ሹም ቢመጣ አላነብም።

ዳኛውንም ያን ዕለት ያልኩት ይህንኑ ነው። አጎቱ ሞተውበት ማስታወቂያ ይዞ መጣ። የሟች እህት፣ የገዛ እናቱ፣ ማክሰኝት ሆነው ገና አልሰሙም። «ሂድና አስነግር፤ ከዚያ አነባለሁ» አልኩት።

«አንተ የቴሌቪዥን አልቃሽ! አልቅስ ሲሉህ አልቅስ እንጂ ምን አገባህ?» አለኝ።

«በል፣ አሁን የወንዱን ማስታወቂያ እንቅዳ» ይላል ዛሬ። የቀረጻ ሠራተኛዋ ወይንሸት ከጎኑ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ ቀና ብላ አላየችኝም። ቀይዋ መብራት ትበራለች።

«ወንድማችን…» እላለሁ። ዝም እላለሁ።

ዝምታው ውስጥ ሰው ይመጣል። ታናሽ ወንድሜ ደመቀ በሬዎቹን እየነዳ ይመጣል። ጎረቤቴ ይበልጣል ከእነ ሳሉ ይመጣል። ሁሉም በሕይወት ያሉ ናቸው፤ ስማችንን ጥራ የሚሉ ይመስላሉ። መጨረሻ ላይ ዳኛው ራሱ፣ ከመስታወቱ ወዲያ፣ ስልኩን እየነካካ። ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ብጠራው ምን አለበት? እንደ ወፍራም ጉርሻ አፌን ይሞላዋል። እውጠዋለሁ። ለጠላትም ቢሆን፣ በቁሙ መርዶ አይነገርበትም።

«…ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ነፍስ ይማር።»

«ሸጋ!» ይላል ዳኛው። «ዝምታህ ግን አጠረች። ረጅም ስም የመጣ እንደሆነ አትበቃም። ለልኩ አንድ ጊዜ ስም አስገብተህ አንብባት።»

«የማንን ስም?»

«የፈለግኸውን። የራስህን በል።» ይስቃል። «የራሱን መርዶ ያነበበ አልቃሽ ተብለህ ይወራልሃል።»

ወይንሸት ቀና ትላለች። «ኧረ ምነው ዳኛው! በሰው ነፍስ!»

«ቀልድ ነው እኮ። አያ ሰጠኝ ቀልድ ያውቃል።»

«ባላነብስ?» እላለሁ።

ሳቁ ይቆማል። «ባታነብ፣ እስከ ዛሬ ያነበብከው ሁሉ ተቀምጦልናል። ጣቢያው ሲገዛ ድምፅህም አብሮ ተገዝቷል። ኮምፒውተሩ ያንን ቀጣጥሎ በድምፅህ ያነባል። የጥበቃዋን ነገር ግን እርሳት። በል፣ መብራት ሳይሄድ።»

ቀይዋ እንደገና ትበራለች። አፌን እከፍታለሁ። «ወንድማችን» ልል ነው፤ ከዚያ የራሴን ስም ልል ነው። እናቴ ከእኔ በፊት ሁለት ቀብራለች። እኔ ስተርፍላት ነው «ሰጠኝ» ያለችው። ሌላ ያወረሰችኝ የለም።

ማዳመጫውን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ። ከባዱን በር በትከሻዬ እገፋዋለሁ።

ኮሪደሩ ጨለም ብሏል። የድሮ ፕሮግራሞቻችን ፎቶ ከግድግዳው ተነቅሎ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። የወይንሸት ክፍል በር ክፍት ነው። እጇ ለምዶባት የቀዳችውን መልሳ ልትሰማ ትከፍተዋለች። ድምፄ ከኋላዬ ኮሪደሩን ይሞላዋል።

«ወንድማችን…»

«አያ ሰጠኝ!» ብሎ ይጣራል ዳኛው።

«…ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ነፍስ ይማር።»

በሩ ላይ ሙሉሰው ብድግ ይላል። ዛሬ አይስቅም። ለዳኛው ጥሪ አቤት ሳልል አልፌው እሄዳለሁ።