ፍርሃት የደረሳት ሴት

አገሩ ሁሉ በሚናገር ሳህን እንዲበላ ከታዘዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሰው ጎመን የሚበላው እንደ ባሕርዩ ሲነገረው ነው ተብሎ፣ ግማሹ ሕዝብ በተስፋ፣ ግማሹ በፍርሃት እንዲመገብ ተመደበ። ከአንድ ትሪ መብላትም ቀረ፤ ሳህኑ ማንን እንደሚመክር ግራ ይገባዋላ!

ደሴ ለሚኖሩት ለአቶ ደምሰው ተስፋ ደረሳቸው። አርባ ዓመት አብረዋቸው ለኖሩት ለወይዘሮ ዘርፌ ደግሞ፣ መቼም ዕድል ነው፣ ፍርሃት።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሁለቱም ያንኑ ጎመን ጎረሱ።

«ጎበዝ! ልብዎ እንደ ጎረምሳ ይመታል» አለ የባል ሳህን።

«ይህን ካልጨረሱ ዓይንዎ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ኩላሊትዎ» አለ የሚስት።

«አንተን ያሞግሳል፣ እኔን ይገንዛል» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ፣ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው።

አቶ ደምሰው ሊስቁ ሲሉ የሚስታቸውን ቀሚስ አዩ። እጅግ ሰፍቷቸዋል። ለጤናቸው በተባለው ፍርሃት ሳቢያ ሳምንቱን ሙሉ ከሦስት ጉርሻ በላይ አልወርድላቸው ብሏል። ባል ሳህኖቹን አቀያየሩ።

«በይ ብዪ፣ ዘርፍዬ። ዛሬ በእኔ ተስፋ ብዪ።»

ወይዘሮ ዘርፌ ፈራ ተባ እያሉ ጎረሱ።

«ጎበዝ!» አለ ሳህኑ ደስ ብሎት። «እንዲህ ከበሉ ሚስትዎን ቀብረው ገና ሃያ ዓመት ይኖራሉ!»

ወይዘሮ ዘርፌ ጉርሻቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ባላቸው ዞሩ።

«ለካ ጎመን እንዲህ የሚጥምህ በዚህ ነው!»

«ሳህኑ ነው እንጂ እኔ ምን አልሁ?» አሉ አቶ ደምሰው፣ ላብ እያጠመቃቸው።

ወይዘሮ ዘርፌ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ቆይ፣ ማን ማንን እንደሚቀብር እናያለን» አሉና ሳህኑን ጠርገው በሉ።