የመሐንዲሱ ሃርድ ዲስክ

የሰፈሩ ሰው «ሐኪሙ» ይለዋል። ሞተ የተባለ ኮምፒውተር ሲያስነሣ ስለሚውል ነው እንጂ እሱስ መርፌ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ሱቁ በፋርማሲውና በጫማ ሰፊው መሀል የተሸጎጠች ናት፤ አንድ ደንበኛ ከገባ ሁለተኛው ደጅ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል።

ሴትየዋ የመጣችው ከሰዓት በኋላ ነው። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች፤ የቀሚሱ እጥፋት ገና አልተፈታም። መዳፍ የምታህል ሃርድ ዲስክ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የባለቤቴ ነው» አለች። «መሐንዲስ ነበር። ሥራ ላይ እንዳለ ከፎቅ ወድቆ ሞተብኝ።»

«ነፍሱን ይማር። አንቺንም ያጽናሽ እህቴ።»

«አሜን ጋሼ። የሠርጋችን ፎቶ እዚህ ውስጥ ነው። ኮምፒውተር ላይ ስሰካው መብራቱ ይበራል እንጂ አልከፈት አለኝ።»

ሐኪሙ ዲስኩን አንሥቶ አገላበጠው። የሚስቱ ፎቶ ሁሉ የነበረው አንድ ስልክ ውስጥ ነበር፤ እሷ በሞተች በዓመቱ ስልኩም ተከተላት። ስንቱን ያስነሣ እጅ ያንን ማስነሣት አቃተው። አሁን አሁን ሳቋ ትዝ ይለዋል እንጂ ፊቷ እየደበዘዘበት ነው።

«የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ» አላት።

«አንድ ነገር ደግሞ ላስቸግርዎ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወንድሙ መውጫ መግቢያ አሳጥቶኛል። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ንብረት ንብረት ይላል። እዚህ ቢመጣ አላየሁም ይበሉልኝ። እፈራዋለሁ።»

«አይዞሽ። ከእኔ አፍ ምንም አይወጣም።»

እንደወጣች ሥራውን ጀመረ። ገመዱን ቀየረ፤ ወይ ፍንክች። ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካው፤ ያው ነው። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ውስጡ ሳያቋርጥ ይሽከረከራል፤ የሚንቋቋም ነገር የለም። ነፍስ አለው ማለት ነው። ሽፋኑን ፈልቅቆ ሲያየው የገመዱ ማስገቢያ በከፊል ተቃጥሏል። ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ሽፋን ውስጥ ከተተውና እንደገና ሰካው።

በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ አወቀው፤ ግን ያለውን ሁሉ ካልደመሰስኩ አልከፍትም የሚል መልእክት አመጣ። እዚያ ላይ ጣት ከሳተ ድምጥማጡ ይጠፋል። ሐኪሙ እጁን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አነሣና ወደ ሴትየዋ ደወለ።

«ባለቤትሽ የሚጠቀመው ምን ዓይነት ኮምፒውተር ነበር?»

«እንደ ሰው ሁሉ ነዋ ጋሼ። ምን አውቄ።»

ሐዘን ልብ ያስረሳል ብሎ አልጨቀጨቃትም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ወንድምየው መጣ። ጢሙ አድጓል፤ ዐይኑ ደም መስሏል። ሰላምታም አልሰጠ።

«ሃርድ ዲስክ ይዞ የመጣ ሰው አለ? የወንድሜ ነው። ከቤቱ ተወስዷል።»

«አላየሁም» አለ ሐኪሙ፤ ዲስኩን በክርኑ ወደ ጋዜጣው ሥር እየገፋ።

«ያልገባሁበት ጥገና ቤት የለም። እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ!» ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመታው ብሎኖቹ ዘለሉ። «በዚህ ዲስክ ጦስ ሰው ያልቃል እኮ!»

«ወንድሜ፣ ዛቻህን ይዘህ ውጣልኝ። ፖሊስ ሳልጠራ።»

«ይጥሩ! እኔም የምሄደው ወደዚያው ነው» አለና ጋዜጣውን ገልመጥ አድርጎ በሩን አላትሞ ወጣ።

ሐኪሙ የተበተኑትን ብሎኖች ለቃቅሞ ቁጭ አለ። እንዲህ ያለ አውሬ የሚያሳድዳት ሴት እንዴት እንቅልፍ ይወስዳታል? እልህ ያዘው። የራሱን ሚስት ፎቶ ባያድን የዚችን ባል ያድናል።

መላው የመጣለት ከድንጋጤው ሲረጋጋ ነው። ዲስኩ አልታመመም፤ የተሰናዳው ለሌላ ዓይነት ኮምፒውተር ነው። ከመደርደሪያው ላይ የዚያን ዓይነት አሮጌ ኮምፒውተር አውርዶ አቧራውን አራገፈና ሰካበት። ተከፈተ።

ፎቶዎቹ ተዘረገፉ። የሲሚንቶ ምሰሶ። የተሰነጠቀ ምሰሶ። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው ግድግዳ። በየበረንዳው የሕፃናት ልብስ የተሰጣበት ረጅም ፎቅ። ወደ ታች ቢወርድ፣ ቢወርድ፣ ሠርግ የሚባል ነገር የለም።

ነይ ብሎ ደውሎላት ስልኩን ከመዝጋቱ ሴትየዋ ከተፍ አለች።

«ተከፍቷል» አላት። «ግን እህቴ፣ የሠርጋችሁን ፎቶ አጣሁት። ያለው ሁሉ የሥራ ነው፤ ግድግዳና ምሰሶ።»

ልቧ ይሰበራል ብሎ ፈርቶ ነበር።

«ግድ የለም» አለች። «እሱ ያነሣው ከሆነ ይበቃኛል። ግልባጭ አስቀርተዋል?»

«የሰው ንብረት አላስቀርም።»

«ሌላ ያየው ሰውስ?»

«ማን ይየው? ወንድምየውም መጥቶ ነበር፤ አላየሁም ብዬ አባረርኩልሽ።»

እጁን በሁለት እጇ ጨብጣ «ይባረኩ ጋሼ» አለች። ዲስኩን ከቦርሳዋ ከታ ደጅ ቆማ ትጠብቃት የነበረች መኪና ውስጥ ገባች። ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ በዐይኑ ሸኛት። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ደረቱ ቀሎት አያውቅም።

ምሳ በልቶ ሱቁን ሲከፍት ወንድምየው ሁለት ፖሊሶች አስከትሎ ደረሰ። አሁን አልጮኸም። አንደኛው ፖሊስ አንድ ወረቀት ዘረጋና «ሃርድ ዲስኩን ያቅርቡ» አለ።

ሐኪሙ አልደነገጠም። ወንድምየውን ዐይን ዐይኑን እያየ፣

«ዘገያችሁ» አለ። «ለሚገባት ሰው ሰጥቻለሁ። ለሚስቱ።»

ወንድምየው የበሩን መቃን ያዘ።

«ወንድሜ ሚስት አግብቶ አያውቅም።»