ያልሄደው መልእክት

የለቡው የእድር ጸሐፊ ጋሽ ቦጋለ ፌስቡክ ላይ «የታሰሩት ይፈቱ» ብሎ በጻፈ ማግስት የሰፈሩ ኢንተርኔት ድርግም አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ስልኩ ጮኸ። የእድሩ ግሩፕ ላይ፣ በራሱ ስም፣ ለስንቱ ሟች ሲጽፈው በኖረው ቃል አንድ መልእክት ወጥቷል፦

«አባላችን አቶ ቦጋለ ስላረፉ ቀብራቸው ዛሬ በስድስት ሰዓት መካኒሳ አቦ ይፈጸማል።»

«ኧረ አልሞትኩም!» ብሎ ጻፈ። አልሄደለትም።

ደጅ ሲወጣ ጎረቤቱ ሁንዴሳ የእድሩን ድንኳን ይተክላል።

«ምን ሆናችኋል? ይኸው ቆሜ!»

ሁንዴሳ ቀና ብሎም አላየው። «ጋሼ፣ እኛን ነገር ውስጥ አያስገቡን» አለና ካስማውን መምታቱን ቀጠለ።

ሚስቱ አፀደ ጥቁር ለብሳ ወጣች። ክንዱን ቀስ አድርጋ ያዘችው።

«በቃ ግባና ተኛ ቦጌ፤ ሰው እየመጣ ነው።»