የሐሙስ ነፍስ

ማማ ቱላ የምትመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ ነጭ ኮሌታ ያለው ቀይ ሸሚዝ ለብሳ፣ ነጭ ቆብ አድርጋ ከመንገዱ ማዶ ብቅ ትላለች። ባለሱቁ ዘለቀ የሆነ መሥሪያ ቤት ዩኒፎርም ነው ብሎ ወስዶታል። በዚህ አገር ጠራጊውም ዘበኛውም ዩኒፎርም አለው።

ሱቁ ቮስሎሩስ፣ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር መሀል ነው። ከወለል እስከ ጣራ በብረት ፍርግርግ ታጥሯል። ዘለቀ ዳቦውንም ሳሙናውንም በአንዲት ቀዳዳ ያቀብላል። ፍራሹ ከመደርደሪያው ጀርባ ነው። ደንበኛው ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ይለዋል። በዘጠኝ ዓመት ስሙን የጠየቀችው ማማ ቱላ ብቻ ናት። ጠይቃም ከቦርሳዋ ትንሽ ደብተር አውጥታ ጻፈችው።

ዘለቀ ሆሳዕና ከተማ ሳለ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ለወንጌል የላኩት ሰው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በረገጠው ከተማ ሁሉ ሰው አትርፏል። ዘለቀ በዘጠኝ ዓመት አንድ ነፍስ አላመጣም። ሜይፌር ሰፈር ባለችው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ፓስተር እንድርያስ «ነፍስ ያመጣችሁ ተነሡ» ሲሉ ሌላው ይነሣል፤ እሱ ጫማውን ያያል። ማታ የዱቄት ጆንያ ላይ ተደግፎ ይጸልያል። «አንድ፣ ጌታዬ። አንዲት ብቻ።»

ስለዚህ ማማ ቱላ ላይ ተስፋውን ጣለ።

የሚናገረው የአገሬው ቋንቋ፣ ዙሉው፣ ለስብከት አይበቃም፤ ለጥያቄ ግን ይበቃል። አገር ቤት ያስተማሩት ሽማግሌም «አትስበክ፣ ጠይቅ» ይሉት ነበር። «ፊልጶስ ሰረገላው ላይ ያገኘውን የአገራችንን ሰው በጥያቄ አይደል የያዘው?»

«ማማ፣ ጳውሎስን ታውቂዋለሽ?» አላት አንድ ሐሙስ፣ ዳቦዋን በቀዳዳው እያቀበለ።

ትክ ብላ አየችው። የቢራ ሳጥኑን ገልብጣ ተቀመጠችበት። «አንተ ምን ሰምተሃል?» አለችው።

የሰማውን ነገራት። በእጁም በምልክትም እየታገዘ፣ መርከቡን፣ እስር ቤቱን፣ ግርፋቱን። አልቸኮለችም። ቃል ሲጠፋው ቃሉን ትሰጠዋለች።

በሚቀጥለው ሐሙስ፣ «ልድያ ማን ናት?» አላት።

«ቀይ ጨርቅ ሻጯ ናታ። ወንዝ ዳር ያገኟት።»

ዘለቀ ደስ አለው። ይህን ገና አልነገራትም። ለካ ቤቷ ሄዳ ታጠናለች። ያን ማታ እሱም በራሱ ደብተር ላይ ጻፈ፦ «ማማ ቱላ፣ የሐሙስ ደንበኛ። ስለ ጳውሎስ ብዙ አወቀች። ለማመን ጥቂት ቀርቷታል።»

ሮቢ ነው ደስታውን ያደፈረሰበት። ሮቢ ሁለት መንገድ አልፎ ሱቅ ያለው፣ እሑድ ምሳ አብሮት የሚበላ ጓደኛው ነው።

«ሴትየዋ ምን ምን ትጠይቅሃለች?»

«ማን አብሮህ ይኖራል አለችኝ። የት ትተኛለህ፣ ሚስት የለህም ወይ፣ ሥራ የሚቀዘቅዝልህ መቼ ነው አለችኝ።»

«እና ነገርካት?»

«እናት እኮ ናት።»

«እናት! ያቺ ምሰሶው ጋ የምትቆመዋስ? አክስትህ ናት?»

ዘለቀም አይቷታል። ማማ ቱላ ስትመጣ ያው ቀይ ሸሚዝ የለበሰች ሌላ ሴት ከማዶ ምሰሶው ሥር ትቆማለች። አትገዛም፣ አትናገርም። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሱቁን ታያለች።

«ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚሠሩት» አለ ሮቢ። «አንዷ ታወራለች፣ አንዷ ትጠብቃለች። እኔን የዘረፉኝ ጊዜም እንዲሁ ነበር። አንተ ነፍስ አጠምዳለሁ ትላለህ፣ የተጠመድከው አንተ ነህ ወንድሜ።»

«ሐዋርያትም ሁለት ሁለት ነበሩ። ለስብከት አብረኸኝ ውጣ ብልህ እምቢ ያልከው አንተ ነህ።»

«እኔ ሱቅ አለኝ» አለ ሮቢ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ማማ ቱላ ከሳጥኑ ስትነሣ ፍርግርጉን በእጇ ያዘች። «ሳምንት ከእህቶቼ ጋር እመጣለሁ። ውስጥ እንግባ። ትከፍትልናለህ?»

ዘለቀ በዘጠኝ ዓመት ለደንበኛ ከፍቶ አያውቅም።

ሮቢ ሲሰማ አልቀለደም። «ከከፈትክ አስከሬንህን የምሸኘው እኔ ነኝ» አለው። «ቀኑን ዝጋና ሜይፌር ዋል።»

ሦስት ቀን ጾመ። ቢከፍትና ቢገድሉት፣ እሺ፣ ሞት ነው። ባይከፍትና ነፍሷ ደጅ ቆማ ብትመለስስ? ጳውሎስ ድንጋይ ወዳነሡበት ከተማ ተመልሶ ገብቷል። ሐሙስ ጠዋት ያችን አንዲት ንጹሕ ሸሚዙን ለበሰ፤ የእናቱን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ኪሱ ከተተ።

እኩለ ቀን ላይ መጡ። ስድስት ናቸው፤ ሁሉም ቀይ ሸሚዝ። የምሰሶዋም ሴት ዛሬ መንገዱን ተሻግራለች። አንዷ በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ይዛለች።

ዘለቀ የመጀመሪያውን ቁልፍ ፈታ። ሁለተኛውን ፈታ። ብረቱ እየጮኸ ተከፈተ።

ገቡ። የመጨረሻዋ በሩን ከኋላዋ ዘጋች። ዘለቀ ዓይኑን ጨፈነ።

አንድ እጅ ራሱ ላይ አረፈ። ከዚያ ሌላ እጅ። ከዚያ ትከሻው ላይ። ሴቶቹ በዝግታ መዘመር ጀመሩ፤ ቃሉን አያውቀውም፣ ዜማውን ግን ከሆሳዕና ጀምሮ ያውቀዋል። ዓይኑን ሲገልጥ የተጠቀለለው ነገር ባንኮኒው ላይ ተፈቷል፤ ትኩስ ምግብ ያለበት ድስት ነው። ከድስቱ አጠገብ የማማ ቱላ ደብተር ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ገጹ አናት ላይ «የሐሙስ የሴቶች ጸሎት ማኅበር» ይላል። እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል እየለቀመ አነበበው።

«ዘለቀ፣ የሱቁ ሰው። ስለ ጳውሎስ አብዝቶ ይጠይቃል። ለማመን ጥቂት ቀርቶታል።»