አሥር አለቃ ደርብ አይሞትም

የቴሌቪዥኑ የመርማሪ ድራማ ደራሲ ዛሬም የመርማሪውን ረዳት አሥር አለቃ ደርብን ከሞት አትርፋው መጣች። ዳይሬክተሩ ጽሑፉን ገልጦ ራሱን ያዘ።

«እትዬ፣ ዘንድሮ ረዳቱ ይሙት ተባብለን አልነበር? ይኸው ሦስት ጥይት ተመትቶ፣ ሆስፒታል ተኝቶ ሽሮው ጨው አነሰው ይላል!»

«ሰው የሚወደው ለዚሁ ነው» አለች እየሳቀች። «መርማሪው ሲያኮርፍ እሱ ጃንጥላ ይይዝለታል። ቀልዱን ሳይጨርስ ራሱ ቀድሞ ይስቃል።»

«ታዲያ የመጨረሻው ክፍል ያለ ሞት እንዴት ያስለቅሳል?»

«እንግዲያው ዋናውን መርማሪ እገድልልሃለሁ።»

«ለአንድ ረዳት ብለው?» ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ተነሣ። «ቆይ፣ ይኼ ደርብ ምንዎ ነው?»

ደራሲዋ ወረቀቶቿን ሰብስባ ጠርዛቸውን አስተካከለች።

«ባሌን አይቼ ነው የጻፍኩት» አለች። «እሱን አንዴ ቀብሬዋለሁ፣ ልጄ። አልደግመውም።»