ለጨዋታው የተመረጠው ሐይቅ

የበረዶ ላይ ሆኪ ሊጉ ሶልቬን ወደ ሚኒሶታ የላካት በክፍት አየር ለሚደረገው ጨዋታ በረዶ የሆነ ሐይቅ እንድትመርጥ ነበር። ሐይቁን ያሳያት የአካባቢው ሽማግሌ ኦርቪል በረዶውን በመሰርሰሪያ በስቶ ሲለካው ውፍረቱ ከክንድ በለጠ።

«እንግዲያው እዚሁ ነው» አለች። «የሚቀረኝ ሁለት ቡድን መምረጥ ነው።»

«አንድ ይበቃሻል፣ ልጄ» አለ ቆቡን አውልቆ። «የከተማችን ቡድን እዚሁ ነው። ሐይቁን በላዩ ሲያቋርጡ በረዶው ሳስቶ ኖሮ ከነአውቶቡሳቸው ሰመጡ። በረኛው ታላቅ ወንድሜ ነበር።»

ወዲያው፣ ተጫዋቾች ተጋጣሚያቸውን ሲቀበሉ እንደሚያደርጉት፣ ከሶልቬ እግር ሥር ብዙ የሆኪ ዱላዎች በረዶውን ከታች ወደ ላይ በአንድነት መቱት።

የሐይቁን ስም ከያዘችው የሐይቆች ዝርዝር ልትሰርዝ እስክሪብቶ አወጣች። ኦርቪል እጇን ያዘ።

«አደራሽን! ስልሳ ዓመት ሙሉ ተጋጣሚ ሲጠብቁ ነው የኖሩት።»

ስሙን አከበበችው።